የአላውቅም መምህር

እኔ የምሸጠው ሽማግሌ ነው። ታፔላዬ ላይ የተጻፈው «ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ጥረዛ» ቢሆንም የሚያኖረኝ ሽማግሌው ነው። ሱቄ ጎንደር ውስጥ ከአንድ ኮሌጅ በር ፊት ለፊት፣ በሻይ ቤትና በጫማ ሰፊ መካከል ተጣብቃ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ተማሪ ይገባል፣ ግራና ቀኙን ያያል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአላውቅም ወረቀት አለ?» ይላል። አለ። ስለ እርሻ ከሆነ ገበሬ ሽማግሌ አለኝ። ስለ ሽመና ከሆነ ያንኑ ሽማግሌ ሸማኔ አደርገዋለሁ። ማክሰኝት ይኑር ወይስ ትክል ድንጋይ፣ እንደ ደንበኛው ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙን እለዋውጣለሁ፤ እኔ ዘንድ ግን ስሙ አያ ካሣዬ ነው። ዕድሜው ሰባ ስምንት ነው፤ ይኸው አሥር ዓመት ሙሉ ሰባ ስምንት እንደሆነ አለ። ኮምፒውተሬ ውስጥ ስለሚኖር አያረጅም፣ አይታመምም፣ ተጠይቆም እምቢ ብሎ አያውቅም።

ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ፈልጌ አይደለም። ላወራላችሁ የተነሣሁት ስለ መምህር ልዑልቃል ነው፤ የእሳቸውን ነገር ግን የኔን ጉድ ደብቄ ማውራት አይቻልም። ስሜ የትነበርሽ ነው። የእሳቸው ተማሪ ነበርኩ።

መምህር ልዑልቃል የቁስቋም ልጅ ናቸው። አባትም ቄስ፣ አያትም ቄስ። እሳቸውም ቅኔ ተቀኝተው፣ ትርጓሜ ቤት ገብተው ሦስት ዓመት መጽሐፍ ካደመጡ በኋላ ነው ወደ አስኳላ የዞሩት። ትርጓሜ ቤት ውስጥ የኔታ አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ አራት አምስት ፍቺ ይደረድራሉ፤ ተማሪ ያዳምጣል፣ በቃሉ ይይዛል። ልጁ ልዑልቃል አንድ ቀን ከተደረደረው ውስጥ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ጓደኞቹ ደነገጡ። የኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ግን ሳይቆጡ «ልጄ፣ አንድሙ የተደረደረው እንድትመርጥ አይደለም፤ እንዳትቸኩል ነው» አሉት። መምህር ይህችን ነገር ሲነግሩን ዓይናቸው ዕንባ ያቀርር ነበር። እኛ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሆነን እንሥቅ ነበር።

የሚያስተምሩት ትምህርት በኮሌጁ መዝገብ «ጥናታዊ ድርሰት» ይባላል። ተማሪው ግን «አላውቅም» ብሎ ጠርቶታል፤ የእሳቸው ሕግ እንዲህ ነበርና። የጽሑፋችሁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «አላውቅም» የሚል ቃል ይኑረው። ከልባችሁ የማታውቁትን፣ ማወቅም የምትፈልጉትን ነገር ያዙ። ከዚያ መጽሐፍም አገላብጡ፣ ሰውም ጋ ሂዱ። ያገኛችሁትን መልስ ሁሉ፣ የማትወዱትንም ጭምር፣ አንድም አንድም እያላችሁ ደርድሩ። ከማን እንደሰማችሁ፣ የት፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፉ። በመጨረሻ፣ ስትነሡ ምን መስሏችሁ እንደነበረና የት ላይ እንደተሳሳታችሁ ተናገሩ። መልስ ካጣችሁ አጣሁ በሉ፣ ማርክ አልቀንስም ይሉ ነበር።

ለሰሚው ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «እኔ ቲቸር፣ እኔ ቲቸር» እያልን እጅ ስናወጣ ያደግን ነን። አላውቅም ያለ ተንበርክኳል፣ በኩርኩም ተመትቷል። አባቶቻችን በሬ ሸጠው ኮሌጅ ልከውን፣ አላውቅም ብለን ጽፈን ከሥሩ ስማችንን እንድናስቀምጥ ሲጠይቁን እንደ ስድብ ነው የቆጠርነው። አንድ የክፍላችን ልጅ እንዲያውም፣ ቤተሰቤ የላከኝ አለማወቄን እንድመሰክር አይደለም ብሎ ለዲኑ ማመልከቻ አስገባ። ዲኑም ማመልከቻውን ለመምህር መሩላቸው። መምህር አንብበው ሲያበቁ ሸጋ አድርጎ ጽፏል፣ እንዲህ ማስረዳት የቻለ አላውቅምንም ይችላል አሉ።

አንድ ጊዜ ክፍሉን በሙሉ ማክሰኝት ገበያ ይዘው ሄደው ነበር። እያንዳንዳችን አንድ ነጋዴ አንድ ጥያቄ እንድንጠይቅ ነው። አርባ ሰው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ እህል ተራ ሲገባ የገበያው ሰው ግብር ተማኝ መጣ ብሎ ጆንያውን ማሰር ጀመረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ማር ሻጭ በቀር ሰው አልቀረም፤ እሷም የቀረችው አህያዋ ጠፍታባት ነው። ስንመለስ ሁላችንም ተናደን ነበር። መምህር ግን አውቶቡሱ ውስጥ ቆመው፣ ዛሬ የተማራችሁት ትልቁ ነገር ሰው ጥያቄን ለምን እንደሚፈራ ነው፣ በሱ ላይ ጻፉ አሉን። ማንም አልጻፈም። ባለቤታቸው ወይዘሮ መቅደላዊት ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ ሰው ሁሉ አውቃለሁ እያለ ቤት ሲሠራ የኔው አላውቅም ሲል ኮቱ አለቀ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር ይባላል። እውነታቸውን ነው፣ ያ ኮት ዛሬም ክርኑ ላይ ሳስቷል።

የኔ ጥያቄ ስለ ተልባ ነበር። ትውልዴ ትክል ድንጋይ አጠገብ ነው። አባቴ ቄስ እንኳየሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰፈራችን ደብር አገልጋይ ነበር፤ እናቴ ወለላ ዛሬም እዚያው መሬቷ ላይ ናት። «የሀገሬ ሰው ተልባ መዝራት ለምን እንደተወ አላውቅም» ብዬ ጀመርኩ። መምህር ርዕሱን ወደዱት፣ ሂጂና ጠይቂ አሉኝ። ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሚኒባስ ይዞ ሄዶ ከሰዓት በኋላ መመለስ ይቻላል። አልሄድኩም። ምክንያት ልፈጥርለት አልፈልግም፣ ስንፍና ነበር። ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በሁለት ቀን ጻፍኩት።

አንድም ማለቱ አልቸገረኝም። አባቴ ሲተረጉም እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አንድም ዝናቡ ተዛባ፤ አንድም የፋብሪካ ዘይት መጣ፤ አንድም ወጣቱ ከተማ ገባ። ለሦስቱም ሦስት ሽማግሌ ፈጠርኩ። ዋናው አያ ካሣዬ ነው። ሲያርስ ደረስኩበት፣ በሬዎቹን አቁሞ «ልጄ፣ እኛ ተልባውን አልተውነውም፤ ተልባው ነው የተወን» አለኝ ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው ራሴን አስለቀሰኝ። በሬ ጠምዶ የዋለ ገበሬ እንዲህ አይናገርም፤ ፀሐይ ሳይጠና ልጨርስ ዞር በይልኝ ነው የሚለው። ቀኑም መጻፍ አለበት። ስልኬ ላይ የፈረንጁን ካላንደር ከፈትኩና ሜይ አንድን መረጥኩ፤ የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ኮሌጁ ዝግ ነው፣ ሀገሬ ሄድኩ ብል ማንም አይጠረጥርም። በኛ ሲቆጠር ሚያዝያ ሃያ ሦስት ሆነ። እሱን ጻፍኩ።

ወረቀት ሲመልሱ የኔን ለብቻው ያዙት። አርባ ሁለት ነበርን፤ ቆመው፣ ስም ሳይጠሩ ያነበቡት ግን የኔን ብቻ ነው። አያ ካሣዬ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ስም የትዕቢት በር ነው ብለው ስሜን ከላዩ አንሥተው አስጠረዙትና በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ ያነቡት ጀመር። «የተልባው ጽሑፍ» ተባለ። ኮሌጁ ውስጥ አያ ካሣዬን የማያውቅ ጠፋ፤ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ግን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ አጣሁ፤ ከዚያ ይህችን ሱቅ ከፈትኩ። መጀመሪያ አንድ የጨነቀው ልጅ መጣ፣ እንደ ተልባው ያለ ነገር ጻፊልኝ አለኝ። ጻፍኩለት። በሳምንቱ ሦስት ሆነው መጡ። ሥራው ልምድ ይጠይቃል። ሽማግሌው በጣም አዋቂ ከሆነ ያስጠረጥራል፣ አንድ ቦታ ላይ ረሳሁት ማለት አለበት። ከት ብሎ መሣቅ አለበት፣ ስለ ድሮ ሲጠየቅ መተከዝ አለበት። አያ ካሣዬን እንዲህ አድርጌ አሠለጠንኩት።

መምህር በየሳምንቱ ማክሰኞ የሚበተን ወረቀት ሊያባዙ ወደ ሱቄ ይመጣሉ። ቦርሳቸው ዚፑ ተበላሽቶ በገመድ የታሰረ ነው። ልጆቹ ከኔ የገዙትን አርባ ወረቀት በዚያች ቦርሳ ተሸክመው ያልፋሉ። እንዴት ሰነበትሽ ልጄ ይሉኛል እንጂ ስለ ሽማግሌው አንድ ቀን ተንፍሰው አያውቁም። አልነቁብኝም ብዬ አምን ነበር። ባየኋቸው ቁጥር እሸማቀቃለሁ። አንድ ደግ ሰው አታልዬ እኖራለሁ እያልኩ አሥር ዓመት ሙሉ ራሴን በላሁ።

ዘንድሮ ነገሩ ጠበበባቸው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ አንዱዓለም ቅጽ የሚወድ ሰው ነው። ዓላማውም ውጤቱም አስቀድሞ የተተየበ፣ ተማሪው ባዶ ቦታ ብቻ የሚሞላበት ቅጽ አዘጋጅቶ የመምህርን ኮርስ በሱ ሊተካ ተነሣ። ያቀረበው ምክንያት ውሸት አልነበረም። መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል አንዳንዴ ይዘጋል፣ ተማሪ ገጠር አይሄድም፣ የሚቀርበው ወረቀት ሁሉ ከሱቅ የተገዛ ነው አለ። በኅዳር አጋማሽ ኮሚቴ ሊሰበሰብ ተቀጠረ። ተማሪ በእውነት ጠይቆ የጻፈው ሥራ እዚያ ከቀረበ ኮርሱ ይቀጥላል፣ ካልቀረበ ይታጠፋል ተባለ። መምህር ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩት እሱን ብቻ ነው። ወይዘሮ መቅደላዊት ከሞቱ በኋላማ ከሱ ሌላ ምን አላቸው።

ኅዳር እንደገባ ምስጢር የምትባል ልጅ በእጅ የተጻፈ አሥራ አንድ ገጽ ይዛ ሱቄ መጣች። ከትክል ድንጋይ አካባቢ፣ ከላይ አርማጭሆ ገጠር የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፣ ስትናገር መሬት መሬት ታያለች። ሽማግሌ አልጠየቀችኝም። ኮምፒውተር ስለማልችል ተይቢልኝ ብላ ወረቀቱን ትታልኝ ሄደች። ከስክሪኑ ጎን አቁሜ መተየብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «በተልባው ጽሑፍ ውስጥ ያሉት አያ ካሣዬ የት እንደሚኖሩ አላውቅም» ይላል።

ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቀጠልኩ፤ ሥራዬ ነው።

ልጅቱ የጻፈችው እንዲህ ነው። መምህር ሲያነቡ ሰምታ አያ ካሣዬን ለማየት ጓጓች፣ ሀገሩ ሀገሯ ነውና። ከመስከረም ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ አንዴ መንገድ ተዘግቶባት ግማሹን በእግሯ ሄዳለች። ካሣዬ የሚባል ሁለት ሰው አገኘች፤ አንደኛው ሚሊሻ ነው፣ ሁለተኛው ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ነው። ታርሶ ነበር የተባለበትን ቀን ለገበሬዎቹ ስትነግራቸው ሣቁባት። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው፣ ያውም የዓመቱ። በዚያ ቀን ማን በሬ ይጠምዳል፣ የጠመደ ቢኖር እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣ ነበር አሏት።

የቄስ ልጅ ነኝ። በዚያ ቀን ታቦት ሲወጣ ከአባቴ ኋላ እየዘለልኩ ያደግኩ ነኝ። ሜይ አንድን ሳሰላ ጊዮርጊስን ረሳሁት።

የባሰው ከታች ነበር። ልጅቱ እንደተማረችው ደርድራለች። አንድም ጸሐፊው ቀን ተሳስቷል፤ አንድም የሽማግሌውን ስም ቀይሮታል፤ አንድም ከናካቴው አልሄደም። በሰው ላይ መፍረድ ስለሚከብደኝ ገና አልቆረጥኩም ብላለች። ግን ስትዞር ያላሰበችው ነገር ገጠማት። ተልባ አልቀረም። ከደብሩ ጀርባ አንድ ማሳ በአበባ ሰማያዊ ሆኖ አየች። ባለቤቱ እማማ ወለላ የሚባሉ፣ ቄስ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ያሉትን እንዳሉት ጽፋዋለች።

«ምነው ልጄ፣ ተልባ መቼ ቀረና? እኔ ሳልዘራ ያለፈኝ ክረምት የለም። የኔም ልጅ ጎንደር ተምራለች። እሷ ግን እንዲህ ቁጭ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝ ሸጋ ነበር።»

ይህን በጣቴ ተየብኩት። እናቴ ለማታውቃት ልጅ የነገረቻትን እኔ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። አለቀስኩ። ደንበኛ ገብቶ ፎቶ ኮፒ ሲለኝ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ መለስኩት። ያን አንቀጽ ለማጥፋት አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል፤ ልጅቱ አምናኝ ሄዳለች፣ መልሳ ታነበዋለች ብዬም አልሠጋም። አልጫንኩትም። በዚህች ሱቅ ከሠራሁት ሁሉ መልካም ብዬ የምቆጥረው ያን ብቻ ነው።

እሑድ ቁስቋም ሄጄ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠበቅኳቸው። ከፍርስራሹ ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው። አያ ካሣዬ እንደሌለ፣ ሀገሬ እንዳልሄድኩ፣ የምስጢር ወረቀትም በማግሥቱ እጃቸው እንደሚገባ። ኮሚቴ ፊት ከመቅረብዎ በፊት ይወቁት ብዬ ነው አልኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ። ነጠላቸውን እያጣፉ ሰሙኝ። አልደነገጡም።

«ሚያዝያ ሃያ ሦስት ምን እንደሆነ እኔ የማላውቅ ይመስልሻል?» አሉኝ። «በጊዮርጊስ ዕለት ነው የተወለድሁ። ወረቀትሽን የተቀበልሁ ዕለት አይቸዋለሁ።»

ታዲያ አሥር ዓመት ለምን ያነቡታል ብዬ ጠየቅኩ።

«በዚያ ዓመት አርባ ሁለት ወረቀት ሰበሰብሁ። አርባ አንዱ አላውቅም ብሎ ጀምሮ አውቃለሁ ይላል፤ መልሱ ከጥያቄው በፊት የተጻፈ ነው። ያንቺ ብቻ አላውቅም ብሎ ተነሣ፣ ተሳስቼ ነበር ብሎ ጨረሰ። ሐሰት ነው። መልኩ ግን ስመኘው የኖርሁት መልክ ነው። እውነተኛው እስኪመጣ በዚህ አስተምራለሁ አልሁ። እውነተኛው ዘገየ።»

እዚያው ተቀምጬ ተናደድኩ፤ በራሴ ሳይሆን በሳቸው፣ ይህን አልደብቅም። ያን ቀን ወረቀቱን መልሰው ሂጂና እናትሽን ጠይቂ ቢሉኝ እሄድ ነበር። ያታለልኳቸው እየመሰለኝ አሥር ዓመት የተሸማቀቅኩት በከንቱ ነው። ለካ ያንኑ ሽማግሌ ሁለት ሆነን ስንቀልበው ኖረናል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ልክ ነሽ አሉኝ። የምስጢርን ወረቀት ምን ሊያደርጉት ነው ብዬ ስጠይቅ ዘገየ እንጂ መጣ ብለው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን አመንኩት። ከቁስቋም ቁልቁል ስወርድ ቅልል ብሎኝ ነበር፤ ሀገሬ እሄዳለሁ፣ ሽማግሌውንም ከኮምፒውተሬ አጠፋዋለሁ እያልኩ ነበር።

ስብሰባው በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መምህር መጡ። የቦርሳቸውን ገመድ ፈተው ሁለት ወረቀት አወጡና ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። አንዱ በእጅ ብዛት የወየበው የተልባው ጽሑፍ ነው። ሌላው እኔ የተየብኩት የምስጢር ነው። ሙሉ ማርክ ሰጥተውታል፤ ከማርኩ ሥር በቀይ ቀለም «ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁሽ» ብለው ጽፈዋል።

ሁለቱን እያፈራረቁ ብዙ አዩአቸው። የምስጢር ወረቀት ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ የሚሆነውን ሁለታችንም አውቀነዋል። ኮርሱ ምን ዓይነት ተማሪ እንደሚያወጣ ያሳያል፤ ያው ወረቀት ግን መምህሩ አሥር ዓመት ሐሰት ሲያነቡ እንደኖሩ ይመሰክራል። አቶ አንዱዓለም ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ኮርሱ ከታጠፈ ከሷ በኋላ ሌላ እንደሷ ያለ አይመጣም አሉ፤ ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። ከዚያ የተልባውን አንሥተው ሰጡኝ።

«አሥራ ሁለት ኮፒ» አሉ።

አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት እንኳ እችል ነበር፤ ለዕንባዬ ስል ያልኩትን ለልጅቱ ስል አላልኩትም። አሥራ ሁለቱን አባዛሁ፣ በስቴፕለር መታሁ፣ ሰጠኋቸው። የምስጢርን ወረቀት መልሰው ቦርሳው ውስጥ ከተቱና ገመዱን አሰሩት።

ኮሚቴው አጨበጨበ አሉ። አሥራ ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ ግማሾቹ የገበሬ ልጆች፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስትን አንብበው አለፉት። ኮርሱ ጸደቀ። አቶ አንዱዓለም ራሱ የመምህርን እጅ ጨብጦ፣ እንዲህ ያለ ናሙና ካለማ ተማሪው ሁሉ በሱ መልክ ይጻፍ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የተልባው ጽሑፍ ባዶ ቦታ ተትቶለት ቅጽ ሆነ። ቅጹን ያባዛሁት እኔ ነኝ። መምህር አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፣ እንዴት ሰነበትሽ ልጄ ይሉኛል። የተልባውን ራሳቸው ማንበብ ትተው ተማሪ እንደሚያስነብቡ ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ምስጢር መጣች። መምህር አስጠርተዋት ወረቀቷን አመስግነው፣ ማርኩ የሷ እንደሆነ ነገሯት። ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ፋይል የሚሆን ግን በሌላ ርዕስ፣ በቅጹ መሠረት ሌላ አምጪ አሏት። ለምን ብላ ጠየቀቻቸው። አልመለሱላትም። ጥያቄ ተጠይቀው ዝም ሲሉ ሳያቸው ይህ የመጀመሪያ ነው አለችኝ።

ከዚያ መሬት መሬት እያየች «እትዬ፣ ጓደኞቼ አንቺ ጋ ሽማግሌ አለ ይላሉ» አለች።

አለ አልኳት። ስለ ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት ስለ ምንም ይሁን አለችኝ። ፋይሉን ከፈትኩት። ስክሪኑ ወደሷ ዞሮ ነበርና የሽማግሌውን ስም አነበበችው። ያን ጊዜ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። የእናቴን ፊት ታውቀዋለች፤ እኔ ደግሞ ቁርጥ እናቴን ነኝ። ብዙ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«በዓል ያልሆነ ቀን ይሁንልኝ» አለችኝ።

ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ካላንደር አየሁ። ታቦት የማይወጣበት፣ ገበሬ ሥራ የሚውልበት አንድ ሰኞ መርጬ ጻፍኩላት። አተምኩና ሰጠኋት። ሳታነበው አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።